ለቀረጻ የሚያረፍድ ኮምፒውተር



ስለ ማይክ ያወራል ብሎ የመጣ ካለ ይቅርታ ይደረግልኝ። ስለ ማይክ የሚያወራ ሰው መቼም አይጠፋም። እኔ የማወራው ማይኩ ስለተሰካበት ላፕቶፕ ነው። ዘፋኟ ልብ የሚሰርቅ ቴክ ሰጥታችሁ፣ መልሳችሁ ስታዳምጡት መሐሉ ላይ «ቸስ» የምትል ነገር ገብታ ያገኛችሁበት ቀን አይጠፋም። ያኔ አብዛኛው ሰው የሚለው አንድ ነው፦ «ይሄ ኮምፒውተር አቅም የለውም፤ ኮር አይ ሰቨን መግዛት አለብኝ።» ብር ይለቃቀማል፣ አዲሱ ይገዛል፣ ቸስታዋም አዲሱ ላይ ትቀጥላለች።

ነገሩ ወዲህ ነው። ድምፅ የሚቀርጽ ኮምፒውተር ጉልበተኛ ከመሆኑ በፊት ሰዓት አክባሪ መሆን አለበት። ፊልም ኤዲት የሚያደርግ ሰው ኮምፒውተሩ ግማሽ ሰከንድ ቢያስብ ግድ የለውም፤ ይጠብቀዋል። ድምፅ አይጠብቅም። በ48,000 ሳምፕል ሬት ስትሠሩ ከማይኩ የሚመጣው ድምፅ በየሰከንዱ 48,000 ጊዜ ይለካል። የቀረጻ ፕሮግራሙ እነዚህን ልኬቶች አንድ በአንድ አይቀበላቸውም፤ በጥቅል ነው የሚቀበላቸው። የጥቅሉ መጠን በፈር ይባላል። በፈሩ 128 ከሆነ በሰከንድ 375 ጥቅል ይመጣል፤ እያንዳንዱም ተሠርቶ የሚያልቅበት ጊዜ 2.7 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው። የ4 ደቂቃ ዘፈን ሲሆን 90,000 ቀጠሮ ማለት ነው። ከ90,000ው አንዱን ብቻ ቢያረፍድ፣ እዚያች ቦታ ላይ «ቸስ» ትሰማላችሁ። የሐበሻ ቀጠሮ እዚህ ቤት አይሠራም።

አሁን ታስክ ማኔጀር ከፍታችሁ «ሲፒዩው እኮ 30 በመቶ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ታዲያ ለምን ይቆራረጣል?» የምትሉት ጥያቄ መልስ አገኘ። 30 በመቶ አማካይ ነው። አማካዩ ስለዚያች ስላረፈደችው አንዲት ቀጠሮ ምንም አይነግራችሁም። በዚያ ላይ ፕሮሰሰሩ ስምንት ኮር ቢኖረው፣ አንድ ትራክ ላይ በተርታ የደረደራችኋቸው ፕለጊኖች አንዱ የሌላውን ውጤት ስለሚጠብቅ ሥራው ለስምንቱ አይከፋፈልም። አንዱ ኮር ላብ በላብ ሆኖ ሰባቱ እጃቸውን አጣጥፈው ሊቀመጡ ይችላሉ። ስለዚህ የታስክ ማኔጀሩን ቁጥር ትታችሁ የቀረጻ ፕሮግራማችሁ፣ ኩቤዝ፣ ሪፐርም ሆነ ሎጂክ፣ ራሱ የሚያሳየውን የኦዲዮ ጭነት መለኪያ ተመልከቱ።

በፈርን ለማስረዳት ቤታችሁ ያለውን ሮቶ ልጠቀም። ውኃ በፈረቃ ይመጣል፤ እናንተ ግን ቧንቧው ሁልጊዜ እንዲወርድላችሁ ትፈልጋላችሁ። ሮቶው ትልቅ ከሆነ መስመሩ ሁለት ቀን ቢቋረጥም አይታወቃችሁም። ትንሽ ከሆነ ገና በጠዋቱ ይደርቃል። በፈርም እንዲሁ ነው፤ ትልቅ በፈር የኮምፒውተሩን ማርፈድ ይሸፍንለታል። ዋጋው ምንድን ነው? ትልቅ ሮቶ ውስጥ ዛሬ የገባ ውኃ ቧንቧው ጋ የሚደርሰው ነገ ነው። ዘፋኟ አሁን ያወጣችው ድምፅ ሄድፎኗ ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ ይሆናል። ሌተንሲ የምንለው ይህንን ነው።

ቁጥሩን እንየው። በ48,000 ላይ በፈር 256 ማለት 5.3 ሚሊሰከንድ ነው፤ 512 ደግሞ 10.7፤ 1024 ሲሆን 21.3። ድምፁ ሲገባም ሲወጣም ስለሚጠራቀም እጥፍ አድርጉት፤ ድምፁን ወደ ቁጥር፣ ቁጥሩን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ክፍልና የዩኤስቢው ድራይቨር የሚወስዱትን ጥቂት ጨምሩበት። ስለዚህ 1024 ላይ ዘፋኟ ራሷን የምትሰማው ከ40 ሚሊሰከንድ በላይ ዘግይታ ነው።

ይህ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። መድረክ ላይ ከከበሮ መቺው 3 ሜትር ርቆ የቆመ የማሲንቆ ተጫዋች ምቱን የሚሰማው 9 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ነው፤ ለዚያ ያማረረ አላየሁም። ስለዚህ በ10 ሚሊሰከንድ የተነሳ እንቅልፍ አትጡ። 40 ግን ሌላ ነው። ፈጠን ባለ የችክችካ ምት ውስጥ አንድ ዋና ምት ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅ፣ በውስጡ ያሉት ሦስቱ ትንንሽ ምቶች እያንዳንዳቸው 167 ሚሊሰከንድ ያህል ናቸው። 40 የዚያ ሩብ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው፤ ከበሮ መቺው እጁ ይተሳሰራል። ዘፋኝ ደግሞ ከሁሉም የባሰች ስሜተኛ ናት። የራሷን ድምፅ በአጥንቷ በኩል ወዲያው ትሰማዋለች፤ በሄድፎን ዘግይቶ የሚመጣው ከዚያ ጋር ይጋጫል። በጣም ትንሽ መዘግየት እንኳ ድምፁን ከቆርቆሮ ውስጥ የሚወጣ ያስመስለዋል። «ሄድፎኑ ደስ አላለኝም» ብላ ስታማርር ሄድፎን ለመቀየር አትሩጡ።

የመጀመሪያው መፍትሔ ከኮምፒውተሩ ሴቲንግ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ማይኩ የሚሰካበት ኦዲዮ ኢንተርፌሳችሁ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ዳይሬክት ሞኒተር የሚል ማብሪያ ወይም ማዞሪያ አለ። እሱ ሲበራ የዘፋኟ ድምፅ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ሄድፎኗ ይሄዳል። መዘግየት የሚባል ነገር አይኖርም ማለት ይቻላል። ያኔ በፈሩን 512 ብታደርጉት ማንም አያውቅባችሁም፤ ላፕቶፑም እፎይ ይላል። ሁለት ነገር ብቻ አትርሱ፦ ፕሮግራሙ ውስጥ የዚያን ትራክ ሞኒተር አጥፉ፤ አለበለዚያ ድምፁን ሁለት ጊዜ ትሰማዋለች። ሪቨርብ ካልሰማሁ አልዘፍንም ካለች ደግሞ፣ ሪቨርቡን ብቻ በሴንድ ከፕሮግራሙ ላኩላት። ሪቨርብ ጥቂት ሚሊሰከንድ ቢዘገይ ማንንም አይረብሽም፤ ጠባዩም ያው መዘግየት ነው።

ይህ ዘዴ የማይሠራው ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ፒያኖ ወይም ብራስ፣ ማለትም ቪኤስቲ፣ በሚዲ ኪቦርድ ስትጫወቱ ነው፤ ድምፁ የሚወለደው እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ስለሆነ አቋራጭ የለውም። እዚህ ጋ ነው በፈሩ ወደ 128 መውረድ ያለበት፤ እዚህ ጋ ነው ሴቲንግ የሚያስፈልገው። እግረ መንገዴን ግን፣ የራሱ ድምፅ ያለው ኪቦርድ ያላችሁ ሰዎች ድምፁን በኬብል ከጀርባው አውጥታችሁ ቅረጹት። ቪኤስቲ ካልሆነ ሙያ አይደለም ያለው ማን ነው?

እንግዲህ ወደ ሴቲንጉ። መጀመሪያ ድራይቨር።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኮምፒውተር ይህንን ሁሉ ቀጠሮ ብቻውን ማክበር አይችልም ነበር። ፕሮ ቱልስ የሚባለው የቀረጻ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወጣ 4 ትራክ ብቻ ነበረው፤ የድምፁን ሥራ የሚሠራለትም ለብቻው የሚገጠም ካርድ ነበር። የጀርመኑ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1996 ኩቤዝ ቪኤስቲን ሲያወጣ ሥራው ወደ ኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ገባ፤ ችግሩም አብሮ ገባ። ዊንዶውስ የሁሉንም ፕሮግራም ድምፅ በአንድ ቋት ሰብስቦ፣ አቀላቅሎ፣ አንዳንዴም ሳምፕል ሬቱን ቀይሮ ነው ወደ ስፒከሩ የሚልከው። ለዩቲዩብ መልካም ነው፤ ለቀረጻ ግን ረጅም መንገድ ነው። ስታይንበርግ ይህንን መንገድ የሚዘልል አሠራር አወጣ፤ አሲዮ ይባላል። ስለዚህ ዊንዶውስ ላይ የመጀመሪያው ሥራ የኢንተርፌሳችሁን አሲዮ ድራይቨር ከአምራቹ ወስዶ መጫን ነው። አሲዮ ፎር ኦል የሚባለውን ነጻ ድራይቨር ብዙዎቻችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። የራሱ አሲዮ ለሌለው ካርድ ባለውለታ ነው። የራሱ ላለው ኢንተርፌስ ግን የዊንዶውሱን ድራይቨር ከላይ ሆኖ አሲዮ የሚያስመስል ሽፋን ስለሆነ፣ ቤት ያለውን ጥሎ ከውጭ መበደር ነው። የማክ ተጠቃሚዎች ከዚህ ራስ ምታት ነጻ ናችሁ፤ ኮር ኦዲዮ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል። ሎው ፓወር ሞዱን አጥፉና ተቀመጡ።

ሁለተኛው ኃይል ቆጣቢነት ነው፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ትልቁ ወንጀለኛ ይሄ ነው። የዛሬ ፕሮሰሰር ሥራ ሲያጣ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ኮሮቹን በየተራ ያስተኛቸዋል። ለባትሪ ግሩም ነው። የኦዲዮ ሥራ ግን ጠባዩ ለየት ይላል፤ በየ2.7 ሚሊሰከንዱ ለቅጽበት ይሠራል፣ ያርፋል፣ ይሠራል፣ ያርፋል። ኃይል ቆጣቢው ይህንን ሲያይ «ይሄ ሰው እኮ አልተጨናነቀም» ብሎ ፍጥነቱን ያወርደዋል። ቀጣዩ ጥቅል ሲመጣ ፕሮሰሰሩ ከእንቅልፉ ተነስቶ እስኪፈጥን ቀጠሮው ያልፋል። ስለዚህ ፓወር ኦፕሽንስ ገብታችሁ ባላንስድ የሚለውን ወደ ሃይ ፐርፎርማንስ ቀይሩት። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ሃይ ፐርፎርማንስ የሚባለው ላይታይ ይችላል፤ ያኔ ሴቲንግስ ውስጥ ፓወር የሚለው ጋ ቤስት ፐርፎርማንስ የሚል አለ። እዚያው ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ የሚለውን አጥፉት፤ ኢንተርፌሱ የተሰካበትን ቀዳዳ «ሥራ የለውም» ብሎ እንዳያስተኛው።

ሙቀትንም እዚህ ላይ ላንሳ። ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ያወርዳል፤ ምንም ሴቲንግ አያስቆመውም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ያው ፋን ያንኑ ያህል ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ በከፊል ይክሰናል እንጂ፣ አቧራ የጠቀጠቀው ላፕቶፕ አልጋ ላይ ተቀምጦ 40 ትራክ እንዲሸከም መጠበቅ ግፍ ነው። በዓመት አንዴ አስከፍታችሁ አስጠርጉት። ከስቱዲዮ ዕቃ ሁሉ የረከሰው ወጪ ይሄ ነው።

ሦስተኛው ተራ የሚቀሙ ድራይቨሮች ናቸው። ዊንዶውስ ውስጥ ዋይፋዩ፣ ብሉቱዙ፣ ግራፊክስ ካርዱ እያንዳንዳቸው ድራይቨር አላቸው። እነዚህ ሲፈልጉ የሁሉንም ፕሮግራም ሥራ አስቁመው «መጀመሪያ የኔን» የማለት ሥልጣን አላቸው። በሥርዓት የተጻፈ ድራይቨር ሥራውን በቅጽበት ጨርሶ ይለቅቃል። ያልታረመው ግን ሚሊሰከንዶችን ይዞ ይቀመጣል፤ የኛ 2.7 ሚሊሰከንድ በሙሉ በሱ እጅ ያልቃል። ሌተንሲሞን የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ከፍታችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ስትተዉት የትኛው ድራይቨር ምን ያህል እንዳስቆመ በፋይል ስሙ ያወጣዋል። ብዙ ጊዜ ዋይፋዩ ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ ስትቀርጹ ዋይፋዩን አጥፉ። ስልካችሁ እኮ ኢንተርኔት አለው። ግራፊክስ ካርዱ ከሆነ ድራይቨሩን አዘምኑ።

ይህንን መለካት የምወደው ግምትን ስለሚያስቀር ነው። ሰዎች ከእጅ ወደ እጅ የሚቀባበሉት የሴቲንግ ዝርዝር አለ። ግማሹ እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የተረፈ ነው፦ ፕሮሰሰር ስከጁሊንግን ባክግራውንድ ሰርቪስስ ላይ አድርግ፣ የመስኮቶቹን ጌጣጌጥ አጥፋ፣ ፔጅ ፋይልን ሰርዝ። የመጀመሪያው በዚያ ዘመን ምክንያት ነበረው፤ ዛሬ ለውጥ ካመጣላችሁ ለክታችሁ አሳዩኝ። ሁለተኛው አይጎዳም፣ እምብዛምም አይጠቅምም። ሦስተኛው ጉዳት ነው፤ ራም ሲሞላ ፕሮጀክቱ ይዘጋባችኋል። ራም አጽጂ፣ ሬጂስትሪ አሳማሪ የሚሏቸው ፕሮግራሞች ደግሞ ከበስተጀርባ ተቀምጠው ራሳቸው ቀጠሮ የሚያፈርሱ ናቸው። አውጥታችሁ ጣሏቸው።

አንቲቫይረስን በሙሉ አጥፉ የሚለውንም ምክር አልቀበልም። እኛ አገር ፕሮጀክት ከስቱዲዮ ወደ ስቱዲዮ የሚሄደው በፍላሽ ነው፤ ፍላሹ ደግሞ የት እንዳደረ አይታወቅም። የፕሮጀክታችሁን ፎልደርና የሳምፕል ላይብረሪያችሁን ብቻ ከፍተሻው ነጻ አድርጉ። ስለ ክራክም አንድ ቃል ልጨምር፤ ልቆጣ አልመጣሁም፣ በውጭ ምንዛሬ መክፈል ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ነገር ግን መቆለፊያው የተሰበረ ፕለጊን ውስጡ ምን እንደተነካ አታውቁም። ቀረጻ መሐል ፕሮግራሙ ድንገት ሲዘጋባችሁ ከዚያ መጠርጠር ጀምሩ። ሪፐርን 60 ቀን ሙሉውን በነጻ መሞከር ይቻላል፤ ማሽናችሁ ጤነኛ መሆኑን በሱ ብቻ እንኳ ፈትሹ።

ሃርድ ዲስክ እንደሚወራበት ወንጀለኛ አይደለም። በ24 ቢት፣ በ48,000 የሚቀረጽ አንድ ሞኖ ትራክ በሰከንድ 144 ኪሎባይት ብቻ ነው። 24 ትራክ ባንድ ጊዜ ብትቀርጹ 3.5 ሜጋባይት ገደማ፤ አሮጌ ዲስክም ይችለዋል። ኤስኤስዲ የሚያስፈልገው ትልልቅ የፒያኖና የስትሪንግ ላይብረሪ ለምትጭኑ ነው፤ እዚያ ዲስኩ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎችን እየዘለለ ማንበብ አለበት።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ ውስጥ እንግባ፤ እዚህ ነገሩ ይጣፍጣል። አቀናባሪው ገና ድምፅ ሳይቀረጽ ማስተሩ ላይ ሊሚተር ጭኗል፤ ቢቱ «ትልቅ» ሆኖ እንዲሰማው። ሊነር ፌዝ ኢኪውም አለበት። ዘፋኟ «ዘገየብኝ» ትላለች። በፈሩን ወደ 64 ያወርደዋል፤ አሁንም «ዘገየብኝ»። ላፕቶፑ መጮህ ይጀምራል፤ እሷ ግን ያው ናት። ጥፋቱ የበፈር ስላልሆነ ነው። አንዳንድ ሊሚተር የሚመጣውን ድምፅ አስቀድሞ ለማየት፣ ሊነር ፌዝ ኢኪውም በጠባዩ፣ ድምፁን አቆይተው ነው የሚያወጡት። ፕሮግራሙም ሁሉም ትራክ እኩል እንዲደርስ ሌሎቹን አብሮ ያዘገያቸዋል። በፈር ብትቀንሱ ብትጨምሩ ይህ መዘግየት ንቅንቅ አይልም። ፕለጊኑን ማጥፋት ብቻ ነው ያለው። ሎጂክ ላይ ሎው ሌተንሲ ሞድ፣ ኩቤዝ ላይ ኮንስትሬን ዲሌይ ኮምፐንሴሽን የሚባለውን ስትጫኑ እነዚህን ለይቶ ያሳልፍላችኋል። እኔ ግን ድምፅ ከመቀረጹ በፊት ማስተሩ ባዶ ቢሆን እመርጣለሁ። ድምፃዊው ያልተቀባ ቢት ላይ መዝፈን ካቃተው ቢቱ ገና አላለቀም።

ቀረጻው ካለቀ በኋላ ሁሉም ይገለበጣል። ሚክስ ስታደርጉ ማንም ሄድፎን ይዞ አይጠብቃችሁም፤ በፈሩን 1024 አድርጉት፣ ከባዱን ትራክ ፍሪዝ አድርጉት። በዚህ ጊዜ «ቸስታ» ብትሰሙም አያስደንግጣችሁ። ፋይሉን ኤክስፖርት ስታደርጉ ፕሮግራሙ የፈለገውን ያህል ጊዜ ወስዶ ስለሚሠራ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ ማርፈድም የለም። ቸስታዋ ከቴኩ ጋር የተቀረጸች ናት ወይስ ስትሰሙ ብቻ የመጣች? ያንኑ ቦታ ሁለት ሦስት ጊዜ አጫውቱት። ቦታዋን ከቀያየረች የማሽኑ ድካም ናት፣ እርሷት። እዚያችው ቦታ ላይ ከጸናች ግን ቴኩ ውስጥ ገብታለች፤ ዘፋኟ ሳትሄድ ድገሙት።

መብራት ሲጠፋ ሌላ ጣጣ አለ፤ ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ እምብዛም አያነሳውም። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው አይጠፋም፤ ቀረጻው ይቀጥላል፤ ሁላችሁም «እግዜር ይስጠው» ትላላችሁ። ላፕቶፑ ግን በዚያች ቅጽበት ወደ ባትሪ ሴቲንጉ ተሻግሯል። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ለባትሪና ለመብራት የተለያየ ዓምድ አለ፤ እናንተ ያስተካከላችሁት የመብራቱን ነው። ፕሮሰሰሩ ይቀዘቅዛል፣ ቸስታዋ ትገባለች፣ ማንም ሳያውቅ ሚክስ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ሁለቱንም ዓምድ አንድ ዓይነት አድርጉ። ያም ቢሆን ብዙ ላፕቶፖች ባትሪ ላይ ሲሆኑ አምራቹ ራሱ ኃይሉን ይገድበዋል፤ ሴቲንግ አይፈታውም። መብራት ከጠፋ በኋላ የተቀረጸውን ደግማችሁ አዳምጡ። የሚቻላችሁ ዩፒኤስ ግዙ።

የመጨረሻው ነገር ልኬት ነው። ፕሮግራሙ የቀረጻችሁትን ከቢቱ ጋር የሚያጋጥመው ድራይቨሩ «ይህን ያህል ዘግይቻለሁ» ብሎ በሚነግረው ቁጥር ነው። ድራይቨሩ ቁጥሩን ቢያዛባ፣ ክራሩ ሁልጊዜ ከምቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ተጫዋቹም ያለጥፋቱ ይወቀሳል። ለማረጋገጥ የኢንተርፌሱን አውትፑት በኬብል ወደ ኢንፑቱ መልሳችሁ ሰክታችሁ፣ ዳይሬክት ሞኒተሩን አጥፍታችሁ፣ አንድ ክሊክ እየተጫወተ አዲስ ትራክ ላይ ትቀርጹታላችሁ። ከዚያ ሁለቱን አጉልታችሁ ስታዩ ልዩነቱ በሳምፕል ይቆጠራል፤ ቁጥሩንም ፕሮግራሙ ውስጥ ሪከርድ ኦፍሴት ወይም እሱን የመሰለ ስም ያለው ጋ ታስገቡታላችሁ። ኬብል ይዤ መጥቻለሁ። ላፕቶፕና ኢንተርፌስ ያመጣችሁ ወደ ፊት ኑ፤ የእያንዳንዳችሁን እዚሁ እንለካለን።